ከሳኔቲ እስከ ሶፍ ዑመር፦ የባሌን የኖራ ድንጋይ ዋሻ ለመጎብኘት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ ለመሄድ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መንገዱ ርዝመት፣ ስለ ማደሪያውና ስለ ክፍያው ነው። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከሁሉ መቅደም ያለበት ግን «በባሌ ተራሮች ላይ ሰሞኑን ዘንቧል ወይ?» የሚለው ነው። ዋሻውን የቦረቦረው፣ ዛሬም በውስጡ የሚያልፈውና ጎብኚው በጨለማ ውስጥ ደጋግሞ የሚሻገረው የወይብ ወንዝ የሚነሣው ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደጋ ነው። ዋሻው የሚገኘው ከፓርኩ ክልል ውጭ፣ በስተ ምሥራቅ ባለው ቆላ ቢሆንም፣ በውስጡ በሰላም መሄድ መቻል አለመቻሉን የሚወስነው በዋሻው አናት ላይ ያለው ሰማይ ሳይሆን በሩቁ ተራራ ላይ የወረደው ዝናብ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ጉዞውን ከዋሻው በር አይጀምርም፤ ከተራራው ተነሥቶ ውኃው የሄደበትን አቅጣጫ ተከትሎ ይወርዳል።

አስቀድሞ ቦታውን መረዳት

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ 2,150 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሲሆን፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። የፓርኩ ከፍተኛ ቦታዎች ከእሳተ ገሞራ በወጣ ድንጋይ የተሠሩ በመሆናቸው፣ በዚያ የሚታዩት ዋሻዎች በአብዛኛው በገደል ሥር የተፈጠሩ መጠለያዎች ናቸው። ቢሆንም በንቀት የሚታለፉ አይደሉም። በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው ፊንጫ ሀበራ በተባለው መጠለያ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች እየተመላለሱ ይኖሩ እንደነበርና ግዙፉን የባሌ ፍልፈል ይመገቡ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ታውቋል። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ከፍታ፣ እሳት አንድደው ፍልፈል የጠበሱ ሰዎች መኖራቸውን ሳስብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ።

የኖራ ድንጋዩ ግን ከዚህ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በታች ያለ፣ ዕድሜውም ከእርሱ እጅግ የሚበልጥ ነው። በጁራሲክ ዘመን ይህን አካባቢ ባሕር ሸፍኖት በነበረበት ጊዜ በባሕሩ ወለል ላይ የተከማቸው ዝቃጭ በዘመናት ብዛት ወደ ኖራ ድንጋይነት ተለወጠ። የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድን ስለሚወስድ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ይህ ውኃ በኖራ ድንጋይ ስንጥቆች ሲገባ ድንጋዩን ጥቂት በጥቂት ያሟሟዋል። በሶፍ ዑመር ስንጥቆቹ ቁመትና አግድም እርስ በርስ የሚተላለፉ በመሆናቸው፣ ውኃው ስንጥቆቹን እያሰፋ መተላለፊያ ሲያደርጋቸው፣ በመካከል ያልሟሟው ድንጋይ ቋሚ አምድ ሆኖ ቀረ። ዋሻውን ታዋቂ ያደረገው ከዚህ የተፈጠረው የአምዶች አዳራሽ ነው፤ አንዳንዶቹ አምዶች እስከ 20 ሜትር ቁመት አላቸው። ከጣሪያ የሚንጠለጠል የድንጋይ ጠብታ አያለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ሐሳቡን ቢያስተካክል ይሻላል፤ እዚህ የሚያስደንቀው የቆመው እንጂ የተንጠለጠለው አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1972 የብሪታንያ የዋሻ አሳሾች ቡድን የለካው የዋሻው መተላለፊያ ጠቅላላ ርዝመት 15.1 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ 42 መግቢያዎች እንዳሉት ይነገራል። ከእነዚህ ውስጥ ለጎብኚ የሚያገለግሉት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ወንዙ ከሚገባበት ከላይኛው በር እስከሚወጣበት እስከ ታችኛው በር ያለው ርቀት ግን አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲታዩ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል፤ ጎብኚው ከሚሄድበት መስመር ውጭ ያለው፣ ሊሳሳት የሚችልበት መንገድ፣ ከሚሄድበት መስመር ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

አንደኛ ደረጃ፦ ወቅቱን መምረጥ

ለጉዞው የሚመረጠው ጊዜ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት አጋማሽ ያለው የበጋ ወቅት ነው። የባሌ ደጋ ከመጋቢት ጀምሮ የበልግ ዝናብ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ደግሞ የክረምት ዝናብ ያገኛል፤ ዋሻው ያለበት ቆላም በበልግና በመኸር ጊዜ የራሱ ዝናብ አለው። በእነዚህ ወራት ወንዙ ስለሚሞላ ከበር እስከ በር ማቋረጥ የማይቻልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቢበዛ መግቢያውንና በወንዙ ዳር ያሉትን ደረቅ አዳራሾች አይቶ መመለስ ይቻላል።

በበጋም ቢሆን ጥንቃቄው አይቀርም፤ ድንገተኛ የጥር ዝናብ በደጋው ይጥላልና። አንድ ጊዜ በሚያዝያ ወር ሄጄ በቆላው ፀሐይ ጠራርጎ ወጥቶ፣ አቧራው እየጨሰ፣ ፍየሎቹ የግራር ጥላ ፍለጋ ተሰብስበው ሳለ፣ ወንዙ የቡና አተላ መስሎ አገኘሁት። አስጎብኚው ውኃውን ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ ተመለከተና «ትናንት ማታ ተራራው ላይ ወርዷል፤ ዛሬ አይሆንም» አለ። ያን ያህል መንገድ ተጉዞ መመለስ ያስቆጫል፤ ዳሩ ግን የአካባቢው ሰው ዛሬ አይገባም ሲል መከራከርም ገንዘብ ጨምሮ ለማባበል መሞከርም ፈጽሞ አይገባም። ለዚህ ሲባል በጉዞ ዕቅዱ ላይ አንድ ትርፍ ቀን መያዝ ብልህነት ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ መንገዱንና ቀኑን ማስላት

ከአዲስ አበባ እስከ ባሌ ሮቤ ያለው መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንዱ መስመር በአዳማ፣ በአሰላና በቆጂ አድርጎ ወደ ዶዶላ ሲደርስ፣ ሌላው በሻሸመኔ በኩል ወደ ዶዶላ ይመጣል፤ ሁለቱም ከዚያ በኋላ በአዳባና በዲንሾ አልፈው ሮቤ ይገባሉ። በአሰላ በኩል ያለውን የምመርጠው የአርሲና የባሌን የስንዴና የገብስ ማሳ እያዩ መሄድ ራሱ ጉብኝት ስለሆነ ነው። በአውሮፕላን መሄድ የሚፈልግ ሰው በሮቤና በጎባ መካከል ወዳለው አውሮፕላን ማረፊያ የሚደረገውን በረራ አስቀድሞ ያረጋግጥ።

ከሮቤ ወደ ዋሻው የሚወስደው መንገድ ወደ ምሥራቅ በጎሮ ከተማ በኩል ሲሆን፣ ርቀቱ ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በሕዝብ ማመላለሻ የሚጓዝ ሰው ከሮቤ መናኸሪያ ማልዶ መነሣት ይኖርበታል፤ በአንድ ቀን ደርሶ፣ ዋሻውን አቋርጦ መመለስ የሚቻለው ግን ለራስ በተከራዩት መኪና ሲሆን ነው። ነዳጅና ጥሬ ገንዘብ ሮቤ ላይ ሳሉ ይያዙ። ስለ መንገዱ ሁኔታና ስለ አካባቢው ጸጥታም ሮቤ ወይም ጎባ ላይ ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ከመነሣትዎ በፊት ይጠይቁ።

በእኔ አስተያየት ለጠቅላላው ጉዞ ከአዲስ አበባ መነሻና መድረሻ ጋር ከአምስት ቀን ያነሰ ጊዜ መመደብ መቻኮል ነው፦ አንድ ቀን ለመሄድ፣ ሁለት ቀን ለተራራው፣ አንድ ቀን ለዋሻው፣ አንድ ቀን ለመመለስ። ከላይ የተጠቀሰው ትርፍ ቀን ሲታከልበት ስድስት ይሆናል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ በተራራው ላይ ሁለት ቀን

የመጀመሪያው ማረፊያ የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ዲንሾ ቢሆን ይመረጣል። ቦታው 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኑ ሰውነት አየሩን እንዲለምድ ያደርጋል፤ በመሥሪያ ቤቱ ዙሪያ ባለው የጥድና የኮሶ ደን ውስጥም የደጋ አጋዘን በቅርብ ይታያል። የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመውና የአካባቢ አስጎብኚ የሚገኘው በዚሁ ነው። በማግሥቱ በጎባ በኩል ወደ ሳኔቲ ሜዳ መውጣት ይቻላል፤ መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሚያልፍ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ውኃ እየጠጣ በዝግታ ይንቀሳቀስ፤ ካልተሻለው ሳይውል ሳያድር ወደ ጎባ ይውረድ። ቀይ ቀበሮ በሜዳው ላይ ፍልፈል ሲያደባ ማየት ለሚፈልግ ሰው ጠዋት ምቹ ሰዓት ነው። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱም ከዚሁ ሜዳ ላይ ይታያል።

ዋሻውን በሚመለከት በተራራው ላይ የሚሠራው ዋና ሥራ ግን ውኃውን ማየት ነው። ከሳኔቲ ሜዳና ከዙሪያው ረግረግ የሚንጠባጠበው ውኃ ወደ ጅረት፣ ጅረቱም ወደ ወንዝ ሲሰበሰብ ይታያል፤ በዲንሾ አካባቢ ወይብ ገና ጠባብና ቀዝቃዛ ነው። የፓርኩን ጠባቂዎችም አስጎብኚዎችንም ባለፉት ሁለትና ሦስት ቀናት በደጋው ምን ያህል እንደዘነበ ይጠይቋቸው፤ እነርሱ በየቀኑ በእግርና በፈረስ ጅረቱን የሚሻገሩ ሰዎች ስለሆኑ የሚሰጡት መልስ በስልክ ላይ ከሚታይ የአየር ትንበያ ይልቅ የሚታመን ነው። ከባድ ዝናብ ጥሎ ከሆነ ወደ ቆላው ከመውረድ ይልቅ አንድ ቀን እዚያው በተራራው መቆየት ይሻላል፤ በፓርኩ ደቡባዊ ክፍል ባለው በሐረና ደን ውስጥ የሚውል ቀን እንደባከነ አይቆጠርም።

አራተኛ ደረጃ፦ ዕቃ ማዘጋጀት

ይህ ጉዞ ብርዱንም ሙቀቱንም በአንድ ሻንጣ ማስተናገድ ያለበት ነው። በሳኔቲ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል፤ ሶፍ ዑመር ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሞቃት ቆላ ነው። ለተራራው ወፍራም ጃኬት፣ ጓንትና ጋቢ፣ ለቆላው ስስ ግን እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ይያዙ። ቆላው የወባ አካባቢ በመሆኑ አጎበርና የትንኝ መከላከያ ቅባት አይርሱ፤ ስለ መከላከያ መድኃኒትም ከመነሣትዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ለዋሻው ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው መብራት ነው። እያንዳንዱ ሰው ሦስት የመብራት ምንጭ ሊኖረው ይገባል፦ በግንባር የሚታሰር ባትሪ፣ ሁለተኛ የእጅ ባትሪ፣ እንዲሁም በቦርሳ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ መጠባበቂያ። የስልክ መብራት ከሦስቱ አይቆጠርም፤ በውኃ ሲነካ ይጠፋል፣ እጅንም ይይዛል። የተጠባባቂው የባትሪ ድንጋይ በድርብ ፌስታል ተጠቅልሎ በደንብ ይታሰር። ጭንቅላትን ከዝቅተኛ ጣሪያ የሚጠብቅ ሄልሜት ከተገኘ በጣም ጥሩ ነው፤ የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት ዓይነትም ያገለግላል።

ጫማን በሚመለከት ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውድ የቆዳ ቡትስ በማድረግ ነው። ቆዳው ውኃ ከጠጣ በኋላ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። ሶሉ የሚይዝ፣ በክር የሚታሰርና ውኃ የሚያፈስስ የሸራ ጫማ ይሻላል። የአካባቢው ወጣቶች በኮንጎ ጫማ በእርጥብ ድንጋይ ላይ ሲሮጡ ይታያሉ፤ እነርሱ በቦታው ያደጉ ናቸውና በእነርሱ አይለኩ። በባዶ እግር መግባት ግን ለማንም አይመከርም፤ የተሳለ ድንጋይ ከውኃው በታች አይታይም።

ለምግብ የሚያዘው ቀላልና የማያንጠባጥብ ይሁን። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም ከሮቤ ገበያ የሚገኝ ጭኮ ከበቂ በላይ ነው፤ ገብሱና ቅቤው ኃይል ይሰጣል፣ ሙቀትም በቶሎ አያበላሸውም። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር የመጠጥ ውኃ ይያዝ። የዋሻው ውኃ ጠርቶ ቢታይም አይጠጣም።

አምስተኛ ደረጃ፦ በመንደሩ መድረስ

ሶፍ ዑመር ከዋሻነቱ በፊት የተከበረ የጸሎት ስፍራ ነው። በአካባቢው ትውፊት ዋሻው ስሙን ያገኘው በውስጡ ተጠልለው ይጸልዩና ያስተምሩ ከነበሩት ከሼህ ሶፍ ዑመር ሲሆን፣ ምእመናን እስከ ዛሬ እየመጡ ይጸልያሉ። ከሩቅ የሚመጡት አንዳንዶቹ በባሌ ወዳለው ታዋቂ የሙስሊሞች መሳለሚያ ስፍራ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚሄዱ ወይም ከዚያ የሚመለሱ ናቸው፤ ጫፉ ባላ የሆነውን ዱላ ይዞ የሚሄድ ሰው ካዩ በምእመንነት ጉዞ ላይ መሆኑን ይወቁ። ዋሻው በ2003 ዓ.ም. ለዓለም ቅርስነት የሚታጩ ስፍራዎች በሚያዙበት በዩኔስኮ ጊዜያዊ ዝርዝር ውስጥ ሲገባም የተፈጥሮና የባህል ቅርስ ተብሎ ነው። በአፋን ኦሮሞ ዋሻ «ሆልቃ» ይባላል፤ መንገድ ሲጠይቁ «ሆልቃ ሶፍ ዑመር» ቢሉ የሚመራዎት ብዙ ነው።

ስለዚህ ሲደርሱ ወደ ዋሻው በር አይቸኩሉ። አስቀድመው ሽማግሌዎቹን ሰላም ይበሉ፤ «አሰላሙ ዓለይኩም» የሚለው ሰላምታም ሆነ የኦሮምኛው «አካም ጂርቱ» በደስታ ይመለሳል። ሴቶች ፀጉራቸውን በሻሽ ወይም በነጠላ ቢሸፍኑ፣ ወንዶችም ቁምጣ ባይለብሱ የአካባቢውን ሥርዓት ማክበር ነው። በዋሻው ውስጥ የጸሎት ቦታ መሆኑን አስጎብኚው በሚያመለክትበት ስፍራ ጫማ አውልቁ ከተባለ ያውልቁ፤ ድምፅ ዝቅ ይበል፤ የሚጸልይ ሰው ፎቶ አይነሣም። በበዓል ሰሞን ብዙ ምእመን ስለሚሰበሰብ፣ ለጉብኝት ብቻ የሚመጣ ሰው ሌላ ቀን ቢመርጥ ለሁሉም ይሻላል።

ክፍያው ሲፈጸም ደረሰኝ ይቀበሉ። አስጎብኚ ሲመርጡ ሁለት ጥያቄዎች ይጠይቁ፦ ዋሻውን ከበር እስከ በር ለመጨረሻ ጊዜ ያቋረጡት መቼ ነው፤ ውኃው በጥልቁ መሻገሪያ የት ይደርሳል? ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ሁለተኛውን በእጁ በገላው ላይ ያሳያል፦ ጉልበት፣ ጭን፣ ወገብ። ከጭን በላይ ካሳየ ልጆችና ዋና የማይችሉ ሰዎች ከበሩ አካባቢ አይለፉ። ቡድኑ ከስድስት ሰው የሚበልጥ ከሆነ አንዱ አስጎብኚ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ እንዲሆን ሁለት ይያዙ።

ከመግባትዎ በፊት የመጨረሻው ሥራ በውጭ ለሚቀር ለአንድ ሰው፣ ለሾፌሩም ቢሆን፣ ስንት ሰው እንደገባ፣ በየትኛው በር እንደሚወጣና በስንት ሰዓት መውጣት እንዳለበት መንገር ነው። ከተባለው ሰዓት ሁለት ሰዓት ካለፈ ወደ መንደሩ ሄዶ ሰው እንዲጠራ በግልጽ ይነገረው። በዋሻው ውስጥ ስልክ አይሠራምና ይህን ሥራ የሚተካ ነገር የለም።

ስድስተኛ ደረጃ፦ በዋሻው ውስጥ መሄድ

ከበሩ ጥቂት እንደገቡ ቆም ይበሉ። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ አሥር ደቂቃ ያህል ያስፈልገዋል፤ ይህን ጊዜ ሳይሰጡ የሚቸኩሉ ሰዎች የሚወድቁት በመጀመሪያዎቹ መቶ ሜትሮች ነው። ከዚያ በኋላ አካሄዱ በአንድ መስመር ይሁን፤ ማንም ከፊቱ ያለውን ሰው መብራት ከማያይበት ርቀት አይራቅ። ፍጥነቱን የሚወስነው በጣም ዝግ የሚለው ሰው ነው።

መንገድ በሚከፈልበት ስፍራ ሁሉ ዞር ብለው ወደ ኋላ ይመልከቱ። ዋሻ ሲገቡና ሲወጡ አንድ አይመስልም፤ ወደ ፊት ሲሄዱ አንድ ሰፊ በር የመሰለው ቦታ ሲመለሱ ሦስት ተመሳሳይ ቀዳዳ ሆኖ ይገኛል። አንድን የተለየ አምድ ወይም የወለሉን ተዳፋት በዓይን መያዝ ይጠቅማል። በድንጋዩ ላይ በከሰል፣ በቀለም ወይም በሚስማር ምልክት ማድረግ ግን የተከለከለ መሆን ያለበት ነው፤ በአንዳንድ ግድግዳ ላይ የተጻፉት ስሞች ማንም ሊያጠፋቸው የማይችል ቁስል ናቸው። አምዶቹን በእጅ መደባበስም ይቅር፤ የእጅ ወዝ ድንጋዩን ያጠቁረዋል።

የአምዶች አዳራሽ ሲደርሱ ጊዜ ይውሰዱ። ሁሉም መብራቱን አጥፍቶ አንድ ሰው ብቻ ከአምድ ኋላ ሆኖ ሲያበራ የአዳራሹ ጥልቀት በድንገት ይገለጣል፤ ፎቶ ለማንሣትም ብርሃኑ ከፊት ሳይሆን ከጎን ቢመጣ የድንጋዩ እጥፋት ይታያል። ካሜራው በሦስት እግር መቆሚያ ወይም በድንጋይ ላይ ተደግፎ ረጅም ሰኮንድ ይክፈት፤ ፍላሽ ግድግዳውን ጠፍጣፋ ያደርገዋል።

በዚህ አዳራሽ አጠገብ በጥር ወር ያየሁትን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አስጎብኚያችን ባትሪውን ወደ ላይ አቅንቶ ከራሳችን በላይ፣ ክንድ ተዘርግቶ እንኳ በማይደርስበት ስፍራ፣ በድንጋይ ስንጥቅ የተወተፈ አንድ እፍኝ ደረቅ ሣርና የተሰበረ የቀርከሃ ቁራጭ አሳየን። ቀርከሃ በዚያ ቆላ አይበቅልም፤ ከላይ ከደጋው የመጣ ነው። ከእግራችን ሥር የነበረው ውኃ ያን ቀን ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም ነበር። ውኃው በክረምት የደረሰበትን ከፍታ ያን ያህል ግልጽ አድርጎ የሚናገር ሠንጠረዥ አይቼ አላውቅም። እርስዎም በሄዱበት ሁሉ እንዲህ ያለውን ምልክት በግድግዳው ላይ ይፈልጉ፤ የጭቃ መስመር፣ የተጣበቀ ቅጠል፣ በአምድ ወገብ ላይ የቀረ ገለባ ውኃው ወዴት እንደሚወጣ ያሳያሉ፤ ለመሸሽ የሚመረጠውም ከዚያ መስመር በላይ ያለው ቦታ ነው።

የሌሊት ወፎች በሚኖሩበት ክፍል በዝግታና በጸጥታ ይለፉ፤ ብርሃን ወደ ጣሪያው በቀጥታ አያብሩ። የኩሳቸው ብናኝ ወደ ሳንባ ሲገባ ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል በደረቁ ክፍል ውስጥ አፍና አፍንጫን በማስክ መሸፈን ያስፈልጋል፤ አስም ያለበት ሰው በዚያ ባይቆይ ይሻላል።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ወንዙን መሻገር

ከበር እስከ በር የሚሄድ ሰው ወይብን ደጋግሞ መሻገር ግድ ይለዋል። ይህን ክፍል በጥንቃቄ ያንብቡ፤ የዋሻው እውነተኛ አደጋ ያለው እዚህ ነውና።

በመጀመሪያ አስጎብኚው ብቻውን ይሻገር፤ ሌላው ሰው በመብራት ይከተለው። ሁለተኛ፣ የጀርባ ቦርሳ የወገብና የደረት ማሰሪያው ይፈታ፤ ቢወድቁ ቦርሳው ወደ ታች እንዳይጎትትዎ በቀላሉ መጣል አለበት። ሦስተኛ፣ ፊትዎን ውኃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ መልሰው ጎን ለጎን ይራመዱ፤ ጠንካራ ዱላ ከፊት ተክለው ሁለቱ እግርና ዱላው ሦስት ጉልቻ ሆነው እንዲደግፉዎ ያድርጉ፤ አንዱን ሲያነሡ ሁለቱ የቆሙ መሆን አለባቸው። እግር አይነሣም ማለት ይቻላል፤ ወለሉን እየዳሰሰ ይንሸራተታል። ውኃው የሚቸኩለውና የሚጮኸው ስፍራ ብዙ ጊዜ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ጸጥ ብሎ የጠቆረው ስፍራ ግን ጥልቅ ነውና አይናቁት። ውኃው ከጉልበት ካለፈና ጉልበት ካለው፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ ከባዱ ሰው ከላይ በኩል ሆኖ፣ አብረው ይሻገሩ። ገመድ በወገብ ማሰር ግን አይገባም፤ የወደቀ ሰው በገመዱ ተይዞ ውኃው ከላዩ ሊያልፍ ይችላል።

በጉዞው ሁሉ የውኃውን ጠባይ ይከታተሉ። ጥርት ያለው ውኃ ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ወይም አረፋ መጫን ከጀመረ፣ ድምፁ ከወፈረ፣ ወይም ዳር ላይ ምልክት ያደረጉበት ድንጋይ ከተሸፈነ፣ ውኃው እየመጣ ነው። በዚያ ጊዜ ወደ በሩ ለመሮጥ መሻገሪያ የሚቀርዎ ከሆነ አይሩጡ፤ ወዲያውኑ ከጭቃው መስመር በላይ ወዳለ ከፍታ ይውጡና ይቀመጡ። ውኃው እስኪጎድል ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። በቦርሳ ውስጥ ያለው ደረቅ ልብስ፣ ጭኮውና ሦስተኛው መብራት የተያዙት ለዚህ ነው። ከሁሉም መብራት አንዱ ብቻ ይብራ፤ ሌሎቹ ይቆጠቡ።

ከቡድኑ የተለየ ሰው ቢኖርም ትእዛዙ ተመሳሳይ ነው፦ ባለበት ይቁም፤ ይቀመጥ፤ በየጥቂት ደቂቃው ሦስት ጊዜ ያፏጭ ወይም ይጣራ፤ መንገድ አገኛለሁ ብሎ አይንቀሳቀስ። በእንዲህ ያለ ዋሻ ውስጥ ድምፅ ከብዙ አቅጣጫ ስለሚመለስ ድምፅ ተከትሎ መሄድ ያሳስታል፤ ፈላጊው እንጂ ተፈላጊው አይንቀሳቀስም። ይህን ለልጆች ከመግባታቸው በፊት ደጋግሞ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ስምንተኛ ደረጃ፦ መውጣት

በታችኛው በር ሲወጡ ብርሃኑና ሙቀቱ በአንድ ጊዜ ይቀበልዎታል። ወደ ፀሐይ ከመውጣትዎ በፊት በበሩ ጥላ ጥቂት ይቁሙና ሰው ይቁጠሩ፤ የገባው ቁጥርና የወጣው ቁጥር እኩል መሆኑን አስጎብኚው ብቻ ሳይሆን እርስዎም ያረጋግጡ። የምግብ ልጣጭ፣ የሃይላንድ ጠርሙስና ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሁሉ ከእርስዎ ጋር ይውጣ፤ ወይብ ከዚህ ወርዶ ከገናሌ ጋር ተገናኝቶ ወደ ጁባ የሚሄድ በመሆኑ በዋሻው የተጣለው ቆሻሻ የሌላ ሰው መጠጫ ላይ ይደርሳል። ጫማና ልብስዎን ከመኪና በፊት አራግፈው ይለውጡ፤ የተቆረጠ ወይም የተላጠ ገላ ካለ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ይሸፈን።

አስጎብኚውን በስምምነቱ መሠረት ይክፈሉ፤ ዱላ የያዙልዎትን ወጣቶች ድካም በእርሱ በኩል ያስቡ፤ «ገለቶማ» ብለው ያመስግኑ። ከዚያ ሳይዘገዩ፣ ቡና ከመጠጣትዎም በፊት፣ ሰዓት ይዞ ወደሚጠብቅዎ ሰው ይሂዱና ሁሉም መውጣቱን ይንገሩት፤ አለዚያ መንደሩ በሙሉ ባትሪና ገመድ ይዞ በላይኛው በር ሊገባ ይችላል።